የቅርጫው ዕጣ

ባሕር ዳር፣ ጥር 21 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴም ለመምህሬም፣ ለየኔታ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? ለገና መጥተን ሳለ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ጉባኤ እንዳይቀመጡ ለምነንዎት ነበር፤ መቼም እንደ ልማድዎ ስቀው አልፈውናል። እናታችንስ እንደምን አሉ? ዓይናቸውን የሚያሳክካቸው ነገር ተዋቸው? የዘንድሮው ቡና ተለቅሞ አለቀ? ደቀ መዛሙርቱን ሁሉ፣ ያንን ዜማ እያጣመመ የሚያስቀንን ጎረቤትዎን ቄስ ሳይቀር፣ እንደምን ከረማችሁ ይበሉልኝ።

ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ሰው ሁሉ በደብዳቤው ራስ የሚጽፈውን የደኅንነት ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁት። ሰውነቴስ ደኅና ነው። ግን ፈርቻለሁ የኔታ። በግልጽ ልጻፈውና ልገላገል፤ ፈርቻለሁ።

ይህን የምጽፈው በቀትር ነው። በሩን ዘግቼ መስኮቱን ገርበብ አድርጌዋለሁ። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሸንኮራ ይልጣል። እኔን የሚጠብቅ አይመስለኝም፤ ጥላ ፈልጎ ነው የተቀመጠ። ቢሆንም የግቢያችን ቆርቆሮ በር በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር ወረቀቱን ከሽሮ ዕቃው ሥር እደብቀዋለሁ። እስካሁን አራት ጊዜ ደብቄዋለሁ። ጽሕፈቴ ቢጎረብጥዎት፣ ሽሮም ቢሸትዎት፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ክፉ ወሬ ማዘግየት አልችልበትም። አለበል ታስሯል። የአብራክ ልጅዎን ትናንት ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ወስደውታል። አሁን ያለው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረው ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ምግብ አድርሼለት ሳህኑ ተበልቶበት ስለ ተመለሰ በሕይወት አለ። ስለ ሳህኑ ገና የምጽፈው አለኝ። ማክሰኞ ግን እዚያ ያሉትን በመኪና ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሯቸዋል ይባላል፤ ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየንም። እባክዎን ለእናታችን ለመንገር አይቸኩሉ። መጀመሪያ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

መሥሪያ ቤታችንን ያውቁታል፤ አንድ ጊዜ መጥተው፣ ይህ ሁሉ ወረቀት የምን ትርጓሜ ነው ብለው የሣቁበት መዝገብ ቤት ነው። አራት ሰዎች ነን። እኔና አለበል፣ ጽሕፈት መኪና ላይ የምትሠራው እሌኒ፣ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ኑርሑሴን። የእሌኒ ባል ምሥራቅ ጦር ግንባር ነው፤ እሷ አራት ወር ያልሞላው ጨቅላ ታጠባለች። ኑርሑሴን የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው፤ እኔን ደብተራው እያለ ሲያበሽቀኝ ይውላል።

ባለፈው ረቡዕ ካድሬው በየክፍሉ እየዞረ ነገረን። ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ እያንዳንዱ ክፍል ከመካከሉ አንድ ፀረ አብዮት ያጋልጣል። የለብንም ማለት አይቻልም፤ የለብንም ያለ ክፍል ደባቂ ተብሎ በሙሉ ይወሰዳል። ይህን ሲናገር አልተቆጣም። ቀልድ ቢጤ ጣል አድርጎ፣ እሌኒን ልጅሽ ጥርስ አወጣ ወይ ብሎ ጠይቆ ወጣ። በሌላ መሥሪያ ቤት ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ስብሰባ ተደርጎ ምን እንደ ተከተለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሱን አልጽፍልዎትም።

ረቡዕ አልተነጋገርንም። ሐሙስም ዓይን ለዓይን መተያየት ተውን። ኑርሑሴን ደብተራው ማለቱን ተወ። እኔ ፋይል እየገለጥሁ በልቤ ሰው እመርጥ ነበር፤ ይህንንም ከእርስዎ ልሰውር አልፈልግም። እሌኒ ጨቅላ አላት፣ እሷ አትሆንም እላለሁ። ኑርሑሴን የነጋዴ ልጅ ነው፣ ካድሬው ይወድለታል እላለሁ፤ ከዚያ በራሴ ደንግጬ ፋይሉን እዘጋለሁ። ወደ አለበል አሳቤ ሲሄድ እመልሰው ነበር። ወደ ራሴ ግን አንዴም አልሄደም፤ ይህ አሁን ነው የሚገርመኝ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት አራታችንም ፋይል ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰብን። ዕጣ እንጣል ያልሁ እኔ ነኝ። በጉባኤዎ የተማርሁት ማመዛዘን ሁሉ ተሰብስቦ የወለደው ይህንን ነበር። እንዲህ አልኋቸው፤ ከመካከላችን አንዱ ስም ቢጠራ፣ የጠራው ሰው በፈቃዱ ወንድሙን አሳልፎ ሰጠ። ዕጣ ከሆነ ግን የፈቀደ የለም። የሚያወጣው እጅ ምን እንደሚያወጣ አያውቅም፤ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ስለዚህ ኃጢአቱ የማንም አይሆንም። እሌኒ ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን ሙሉ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ኑርሑሴን ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ ከመጽሐፋችሁ ከሆነ እናንተ ታውቃላችሁ አለ።

አለበል ግን አልወደደውም። አባባ ቢሰማ በመቋሚያው ነው የሚለን አለ። ዕጣ መጣሉም እኮ መምረጥ ነው፤ እጃችን አልታሰረ፣ ለምን እንደ ታሰረ እናስመስላለን አለኝ። እኔም ተቆጣሁ። ሌላ መንገድ ካለህ ንገረን አልሁት። የእኔን ስም ጥራ ብልህ ትጠራዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀልዱን ይሁን ከልቡ አልለየሁትም። እሌኒ ታለቅስ ነበር። የማጥቢያዋ ሰዓት አልፎ ወተቷ ቀሚሷን አርጥቦት ነበር። አለበል ያንን ሲያይ ፊቱን አዞረና እሺ አለ።

የቅርጫ ዕጣ እንዴት እንደሚጣል ለእርስዎ መንገር አይገባኝም። ሁሉም ከኪሱም ከመሬቱም ያገኛትን አንዲት ነገር በጭብጡ ለሰብሳቢው ይሰጣል። ሰብሳቢው የማን ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ አውጪው አያውቅም። እኛ ግን አንዲት ብቻ እናስወጣለን፤ ቅዳሜ የሚጠራው የባለቤቷ ስም ይሆናል። ሰብሳቢው እኔ ሆንሁ። ድሮ ዲያቆን ስለ ነበርሁ አመኑኝ። እሌኒ የቀሚሷን ቁልፍ በጥሳ ሰጠችኝ። ኑርሑሴን የተሰበረ ክብሪት ሰጠኝ። አለበል ከኮቱ ኪስ የቡና ፍሬ አወጣ፤ እናታችን ለገና ፈልፍለው ቋጥረው ከሰጡን፣ ክብ፣ ሙሉ፣ እንከን የሌላት። እኔም ኪሴን ስዳብስ ያገኘሁት ያንኑ ነበር፤ ከዚያው ቋጠሮ የቀረች፣ ጫፏ የተሸረፈች አንዲት ፍሬ። ሌላ ነገር መፈለግ ነበረብኝ። በአንድ ዕጣ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ነገር እንደማይገባ ቅርጫ የበላ ሁሉ ያውቃል። ግን የምሳው ሰዓት እያለቀ ስለ ነበር ይህን ማሰብ አልቻልሁም፤ ወይም ማሰብ አልፈለግሁም። የትኛው እንደ ነበረ እስካሁን መለየት አቅቶኛል። አራቱንም አሮጌ ፖስታ ውስጥ ጨመርኋቸው።

ለማውጣት ጽዳት ሠራተኛዋን እናትዓለምን ጠራናት። እውነቱን ልንነግራት አንችልም፤ ስለዚህ ለአስተርእዮ ቅርጫ ልንገባ ነው፣ መደብ ቀድሞ የሚመርጠውን አንድ ሰው አውጪልን አልናት። ደስ አላት። ከየት የመጣ በሬ ነው ብላ ጠየቀች። አለበል ከሰባታሚት ነው አላት። የሰባታሚት በሬማ ጮማ አለው አለች። ቆየት ብላ ኑርሑሴንን አየችና፣ ይኼስ ከመቼ ወዲህ ነው የክርስቲያን ሥጋ የሚካፈል ብላ ሣቀች። ኑርሑሴን እኔ ታዛቢ ነኝ አላት፤ ከንፈሩ ደም አልነበረውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ጣቶቿን ከፖስታው አስገባች። የቅርጫ ወግ ነውና፣ ይኼ ለማን ይሁን ብላ ጠየቀች። አንዲት ነገር ይዛ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልን። የቡና ፍሬ ነበረች።

እሌኒ ፊቷን ሸፈነች። ኑርሑሴን ዓይኑን ጨፈነ። እናትዓለም ሥጋውን የጤና ያድርግላችሁ ብላ መርቃን፣ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። አለበል ፍሬዋን አነሣት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረባት፤ ዙሪያዋን በአውራ ጣቱ ዳበሳት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ ያለም መሰለኝ። የእኔ ናት አለ፤ በሸሚዙ ኪስም ከተታት።

እኔ ዝም አልሁ። ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት ይህችን ለመጻፍ ነው የኔታ፤ ዝም አልሁ። ፖስታውን ከነቀረው አጥፌ ደረት ኪሴ አስገባሁት።

ክሱን የጻፈው ራሱ አለበል ነው። እሱን ብቻ የሚያስጠይቅ፣ ማንንም የማይነካካ ጥፋት መፈለግ ነበረብን። መንገድ ላይ የተበተነ የተቃዋሚዎች ወረቀት አንሥቶ መሳቢያው ውስጥ ሲያስቀምጥ አይተነዋል በሉ አለን። ወረቀቱ የታለ ቢሉን ብዬ ጠየቅሁት፤ ቀደደው በሉ አለኝ። ለምን ቀደደው ቢሉንስ አልሁ፤ ጽሕፈቱ አስቀያሚ ስለ ነበረ በላቸው አለኝ። እንደ ጉባኤ ነበር የሚከራከር። ኑርሑሴን እንኳ ሊሥቅ ምንም አልቀረው።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የክፍላችንን ወረቀት ያነበብሁት እኔ ነኝ። ድምፅህ ያምራል ብለው መረጡኝ፤ እርስዎ ስንት ክረምት ደክመው ያቀኑት ድምፅ ነው። በአንድም ቃል አልተሰናከልሁም። ስጨርስ አጨበጨቡ። ሁለቱ ጥበቃዎች ሲቀርቡ አለበል ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና፣ ለአባባ የገዛሁት መነጽር ኪሱ ውስጥ አለ፣ አድርስልኝ አለኝ። ሌላ የተነጋገርነው የለም። ስንወጣ ኑርሑሴን ከኋላዬ ደርሶ፣ ከእንግዲህ ለምንም ነገር አትጥራኝ አለኝ። እሌኒ ሳታየኝ አለፈች።

ዛሬ ጠዋት እንጀራ በሽሮ በክዳን ሳህን አድርጌ ይዤለት ሄድሁ። በአስተርእዮ ዕለት ሽሮ ይዞ መሄድ ያሳፍራል፤ ሥጋ መግዛት ግን አልቻልሁም። የማርያም ደወል ሲደወል እሰማለሁ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ላለመሄድ በሐይቁ ዳር ዞርሁ። ጥበቃው ሳህኑን ተቀብሎኝ ገባ። እኔ ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ሴቶች ጋር ቆምሁ። እዚያ ማንም ከማንም አያወራም። ሁሉም የሚጠብቀው ዕቃው ተበልቶበት እንዲመለስለት ነው። ከእኔ በፊት ለነበረችው ሴት እንደ ሞላ መለሱላት። አላለቀሰችም፤ ክዳኑን ደኅና አድርጋ ገጥማ ሄደች። እኔ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተጠጋሁ።

ከዚያ የእኔ መጣ። ሲሰጠኝ ቀላል ነበር። ጥግ ይዤ ክዳኑን ከፈትሁት፤ ተበልቷል። ከሳህኑ ታች ግን አንዲት የቡና ፍሬ ነበረች። ጫፏ ተሸርፏል።

እንዴት ቤቴ እንደ ደረስሁ አላውቅም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ፍሬዋን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ፣ ምን ማለቱ ነው እላለሁ። አውቄብሃለሁ ማለቱ ነው? ያንተን ውሰድ፣ እኔ አልተቀየምሁህም ማለቱ ነው? ወይስ ሲፈትሹት እንዳይጥሏት ብሎ ብቻ ነው? የእናታችንን ለቀማ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ የተሸረፈች ፍሬ ካዩ አውጥተው ይጥላሉ። አለበል ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ ነው። ቋጠሮውን እዚህ ስንፈታው እንኳ፣ የራሱን ድርሻ ፍሬ በፍሬ ለቅሞ፣ በመንገድ የተሸራረፈውን ወደ እኔ እየገፋ፣ አንተ ለሁሉም ምሕረት ታደርጋለህ ሲል ያሾፍብኝ ነበር። ኪሱ ውስጥ የተሸረፈ ነገር አይገኝም። እንዲህ ያለ ሰው በመስኮት ብርሃን ላይ አንዲት ፍሬ አገላብጦ ሲያይ ምን እንዳየ፣ ለእርስዎ ማስረዳት የለብኝም።

ስለ ሰው ፈቃድ ያስተማሩን የዚያ ዓመት ክረምት ትዝ ይልዎታል? ዝናቡ አባርቶ ነበር። አለበል ተነሥቶ ጠየቀዎት፤ ይሁዳ ጌታውን እንደሚሸጥ እግዚአብሔር አስቀድሞ ካወቀ፣ ይሁዳ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? እርስዎ ሁላችንንም አስነሥተው ወደ ኮረብታው ጫፍ ወሰዱን። ከታች አንድ ታንኳ ቀጥ ብሎ ጉማሬ ወዳለበት ደንገል ይሄድ ነበር። እኔ ከዚህ ሆኜ አየሁት፤ ማየቴ ታንኳውን ገፋው ወይ ብለው ጠየቁን። ቀዛፊው ነባቢት ለባዊት፣ ተናጋሪ አስተዋይ ነፍስ አለችው፤ ያመዛዝናል፣ መቅዘፊያውም በእጁ ነው አሉን። ጉባኤው ሁሉ ረካ። እኔ ግን አልጠገብሁም። ቀዛፊው ቢፈራስ አልሁ፤ ፍርሃት እጁን ቢይዘውስ? እርስዎም፣ ልጄ፣ ፍርሃት እጅ የለውም፣ ሲይዝህ የምታየው የራስህን እጅ ነው አሉኝ። ረስተውት ይሆናል። እኔ ያን ቀን ተቀበልሁ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ አልተቀበልሁትም ነበር። ታንኳው እንኳ ያን ቀን ዞሮ ተመልሷል፤ እሱንም አጋጣሚ ነው ብዬው ነበር።

አሁን ያንን የዓርቡን ጊዜ እየመለስሁ እመረምረዋለሁ። ፍሬዋ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ አለበል እስኪናገር ድረስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም የሚበቃ ጊዜ ነበር። ምላሴ አልታሰረም። ማንም አፌን አልያዘም። ልቤ አይቷል፤ ምን እንዳየም ያውቃል። ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ፤ መፍራቴም እውነት ነው። ግን እሌኒም ፈርታ ነበር፣ ኑርሑሴንም፣ አለበልም ሰው ነውና ፈርቶ ነበር፤ ሲናገር አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይመታ እንደ ነበር አይቻለሁ። እንደዚያ እየመታ ነው የእኔ ናት ያለው።

ሌላም ትዝ አለኝ፤ ያውም ዛሬ፣ ከረፈደ። በይሁዳ ቦታ ሰው ለመተካት ዕጣ ሲጣል፣ ለዕጣው የቀረቡት ሁለቱም ሰዎች መልካም ነበሩ ብለውናል። ዕጣ የሚገባው ከሁለት መልካም አንዱን ለመለየት ልብ ሲያጥረው ነው ብለውናል። ከመስቀሉ ሥር የተቀመጡት ጭፍሮችም ዕጣ ጥለዋል፤ እነሱን ግን ፍርዱን ለእግዚአብሔር ተዉ ብሎ ያመሰገናቸው የለም። ይህን በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ነው እኔና አለበል የተማርነው። እሱ አልረሳውም ነበር። እኔም የረሳሁት አይመስለኝም።

ማድረግ የምችለውን አስቤዋለሁ። ዕጣውን ብናገር በአብዮቱ ቀለዱ ብለው አራታችንንም ያጠፉናል፤ የእሌኒ ጨቅላም ያለ እናት ይቀራል። ስለዚህ ዕጣውን አልናገርም። ነገ ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ፣ ያ ወረቀት የእኔ ነበር፣ ከአለበል መሳቢያ የጨመርሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ሊሸፍነኝ ብሎ ነው ዝም ያለ እላለሁ። አዎን፣ ወረቀት የሚባል ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ። ይህን ሲያነቡ መሬቱን በመቋሚያዎ ሲመቱት ይታየኛል። ለውሸቱ የሚገባኝን ንስሐ ያቆዩልኝ፤ ከተገናኘን እቀበላለሁ። ይለቁት እንደ ሆነም አላውቅም። ሁለታችንንም ሊያስቀሩን ይችላሉ። ይህን ሳስብ አሁንም ብዕሩን አስቀምጬ መዳፌን በሱሪዬ አበስሁ።

የምፈራው ግን እነሱን ብቻ አይደለም። ነገ ጠዋት ስነሣ ልቤ ሌላ ማመዛዘን ይዞ እንዳይጠብቀኝ እፈራለሁ። ልቤ ጎበዝ ተከራካሪ ነው፤ ያሠለጠኑት እርስዎ ነዎት። እሱ በፈቃዱ የሰጠውን አንተ ምን አግብቶህ ትመልሳለህ ይለኛል። አንድ ቤት ሁለት ልጅ ከሚያጣ አንዱ ይትረፍለት ይለኛል። ሁለቱም ደኅና ክርክር ናቸው፤ በጉባኤ ቢቀርቡ ሰው ያጨበጭብላቸዋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ነገ ከሄድሁ በኋላ ሳይሆን አሁን እልከዋለሁ። ያ ቢያዝን የምትሉት ታንኳ ቀዛፊ ከሰዓት በኋላ ወደ እናንተ ወደ ዘጌ ይመለሳል፤ እሱ እንደማያነብ ያውቃሉ፤ ቢያነብም አይናገርም። ከዳሩ ደንገል አልፎ ሲሄድ እኔ ደብዳቤውን ማስመለስ አልችልም። ነገ ጠዋት ቀበሌ ባልሄድ እርስዎ ያውቁታል ማለት ነው። ራሱን እንዲህ ያሰረ ሰው በነፃ ፈቃዱ ሄደ ይባላል ወይስ አይባልም? ለጉባኤው ያቅርቡልኝና ይከራከሩበት። እኔ መልሱን ስጠብቅ ቢመሽብኝ ነው፤ እሄዳለሁ።

ከኮረብታው ሆነው ቢያዩኝ ማየትዎ አይገፋኝም ብለውኛል። አምኜዋለሁ። ቢሆንም ነገ ጠዋት ወደዚህ ወደ ባሕር ዳር ፊትዎን አዙረው ይቀመጡልኝ። እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ።

የሰዎቹን ስም መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን ጽፌ ጨረስሁ። አንብበው ያቃጥሉት። የእግዚአብሔር ስም ያለበት ወረቀት እሳት ውስጥ አይገባም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስሙን ሳልጠራ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ ያለ እሱ የሚጻፍ ሆኖ አላገኘሁትም። እባክዎን ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ያቃጥሉት።

መነጽሩን በዚህ ደብዳቤ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። አለበል ሁለት ሱቅ አስጨንቆ ነው የመረጠልዎት፤ አባባ ደቃቁን ጽሕፈት በዚህ ያነበዋል ብሎ ባለሱቁን የኪሱን መዝሙረ ዳዊት እያስያዘ መነጽሩን ሲፈትን አብሬው ነበርሁ። ከመነጽሩ ቤት ውስጥ ሁለት የቡና ፍሬ ያገኛሉ። ክቧ ከፖስታው የቀረችው ናት። ሌላዋ በሳህኑ የመጣችው ናት። የቱ የማን እንደ ሆነች አልጽፍም፤ መነጽሩን አድርገው ይመልከቷቸው፣ ካስፈለገም ለእናታችን ያሳዩአቸው። ሐሙስ ወይም ዓርብ አለበል ከታንኳ ሲወርድ ክቧን ይመልሱለት። የተሸረፈችዋን ግን እናታችን ከለቀማው አውጥተው እንዳይጥሏት ይንገሩልኝ።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ። የጉባኤዎ ወንበር ሰው አይጣ። ለእናታችን ዓይን ብርሃን፣ ለቤታችሁ የሚመለስ እግር ይስጥልኝ። በሩቅም ቢሆን ቡራኬዎ ይድረሰኝ፤ ነገ ከደጃፌ ስወጣ እንደ ደረሰኝ አድርጌ ነው የምሄደው።

በጉባኤዎ እግር ሥር ያደግሁት ልጅዎ፣
የአለበል ወንድም